ዘይትና ዋልነት
እ.ኤ.አ. በ1963 የቀረበው የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ 600 እና በ1965 የተከተለው የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው ቅንጦትን የተረዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። መርሴዲሱ 6.3 ሊትር ሞተር ያለው ሲሆን፣ መስኮቱንና ወንበሩን ሳይቀር የሚያንቀሳቅሰው ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ዘይት ግፊት የሚሠራ ሥርዓት ነው፤ በዚህም መስኮቱ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል፣ ዘይቱ ማፍሰስ ሲጀምር ግን የባለቤቱ ዝምታ ያበቃል። ሲልቨር ሻዶው በአንጻሩ በዋልነት እንጨትና በቆዳ ያጌጠ የወግ አጥባቂ መኪና ቢመስልም፣ አካሉና ሻሲው፣ ማለትም ተሸካሚ አጽሙ፣ አንድ ወጥ ሆነው የተሠሩበት የመጀመሪያው ሮልስ ሮይስ ከመሆኑም በላይ ከፍታውን የሚያስተካክለውን ሥርዓት ከፈረንሳዩ ሲትሮየን በፈቃድ የወሰደ ነው፤ ስለዚህ እንግሊዛዊነቱ ይበልጥ የሚታየው ከውስጥ ማስጌጫው ላይ ነው። በምህንድስና ድፍረት መርሴዲሱ ይልቃል፤ ተሳፋሪው ሞተር መኖሩን እንዲረሳ በማድረግ ግን እንግሊዞቹ ይሻላሉ።