«ዝጊው!» ያሉት እናት

የዛሬዋ ባለ ደብዳቤ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ እኔው ጋ ይቆይ። «እማዬን ደስ ላሰኛት ብዬ አስቀየምኳት» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ በወጣትነታቸው የሕንድ ፊልም ከተባለ ከቪዲዮ ቤት የማይጠፉ ነበሩ። ባላቸውንም የተዋወቁት እዚያው ነው። «አሺቂ» ከተባለው ፊልም «ዲሬ ዲሬ ሴ» የሚለውን ዘፈን ሁለቱ እየተቀባበሉ ያዜሙት ነበር፤ ሂንዲ የሚባል ሳይችሉ! አባትየው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅት ታዲያ ለእናቷ ልደት ዘፈኑን ከስልኳ ፈልጋ ለቀቀችው። እናት ትንሽ ሰሙና «ዝጊው!» ብለው ጓዳ ገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ ኩርፊያ ነው። «ዘፈኑ ያው ራሱ አይደል? ምን አጠፋሁ?» ስትል ትጠይቀኛለች።

እህቴ፣ ያው ራሱማ አይደለም። ሪቲክ ሮሻን የሚታይበት ክሊፕ ነው ብለሽኛል። እሱ ፑንጃቢው ራፐር ዮ ዮ ሃኒ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገና የሠራው ነው። አልዋሽሽም፣ እኔም ዕቃ ሳጥብ ከፍቼው አውቃለሁ። የእናትሽ ግን የ1990ው ነው፤ ናዲምና ሽራቫን የደረሱት፣ ኩማር ሳኑና አኑራዳ ፓውድዋል የተጫወቱት። ወንዱ ይላል፣ ሴቷ ትመልሳለች። አዲሱ ላይ ሃኒ ሲንግ ብቻውን ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ሰው የሚያስታውሳትን አዝማች ያስቀሩና ሌላውን በአዲስ ግጥም፣ በአዲስ ምት ይሞሉታል። እናትሽ፣ እንደኔ ግምት፣ የሴቷን ተራ ሲጠብቁ ነበር። ተራው አልመጣላቸውም። በዚያ ላይ የሚቀበላቸው ሰው የለም።

በነገራችን ላይ፣ ድሮም ቢሆን መውሰድ ነበር። በ1994 በ«ሞህራ» ፊልም አገር ያዳረሰው «ማስት ማስት» የተወሰደው ከፓኪስታናዊው ኑስራት ፋተህ አሊ ካን ቃዋሊ ነው። ይሄን ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪያቸው፣ ሌላ ጠብ ነው የምታመጪው!

አሁን የ1990ውን ፈልጊ። ቡና እየተፈላ፣ እንግዳ በሌለበት፣ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው። «ይኸው ያንቺው» ምናምን አትበዪ። የአባትሽን ቦታ ልዝፈን ብለሽም እንዳትሞክሪ። ዝጊው ካሉሽ ዝጊው። ስለ አባትሽ ማውራት ከጀመሩ ግን ስልክሽን አስቀምጪና ስሚ፤ ያን ቪዲዮ ቤት የት እንደነበረም ጠይቂያቸው።

ያሉሽን ጻፊልኝ።