ስንልካቸው ምን አስይዘናቸው?

በዚህ እትም የምንወያይበት ጉዳይ የሚነሣው ከገላን ነው፤ ይሁን እንጂ የሰበታውንም፣ የቡራዩውንም፣ የሱሉልታውንም ቤት ያንኳኳል።

ገላን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የማታው ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ስለዚህም ብዙዎቻችን «ወባ የቆላ በሽታ ነው፤ እኛ ጋ አይደርስም» ብለን እንኖራለን። ነገር ግን የገላን ሰው እንጀራው መንገድ ላይ ነው። ሾፌሩ ከባድ መኪናውን ይዞ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። መካኒኩ ማሽን ሊተክል ወደ ጋምቤላ ይላካል። ወንጌላዊውና መዘምራኑ ደግሞ ለአገልግሎት ወደ ደቡብ ኦሞ ይወጣሉ። ደጋ ላይ የምናድር ብንሆንም ቆላው በእኛው ሰዎች ደም ውስጥ ሆኖ ወደ ቤታችን ሊገባ ይችላል።

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችን እንይ። ባል በመሥሪያ ቤቱ ታዝዞ ሁለት ሳምንት ጋምቤላ ሰንብቶ ይመለሳል። ለልጆቹ ማንጎ ይዞላቸው መጥቷል። ከተመለሰ በዐሥረኛው ቀን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል። ሚስቱ «መንገዱ አድክሞህ ነው፤ ጉንፋንም ሳይሆን አይቀርም» ብላ ዝንጅብል ታፈላለታለች። በማግሥቱ ወደ ሰፈር ክሊኒክ ሲሄድ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከየት እንደ መጣ የጠየቀው የለም፤ እርሱም አልተናገረም። በአራተኛው ቀን መቃዠት ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ውሎ አበሉን ከፍለናል፤ ሥራውም አልቋል» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ቤት ጥፋተኛው ማን ነው? ሚስት ናት እንዳንል ባላት እውቀት ተንከባክባዋለች። ባልም የታዘዘውን ፈጽሟል። ጥያቄው «ሂድ» ብሎ ወደ ላከው ይመለሳል።

በሽታው እንዴት ይሠራል?

ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ትንኟ በነከሰች ዕለት ሕመም አያሳይም። መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወደ ደም ይወጣል። ይህም ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። መንገደኛው ቤቱ ገብቶ «በሰላም ተመለስሁ» ካለ በኋላ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ግን ፈጣን ነው፤ ሳይታከም 24 ሰዓት ካለፈው ወደ ከባድ ደረጃ ሊሻገርና ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ደጋ ያደገ ሰው በሽታውን ተላምዶ የሚያገኘው የመቋቋም አቅም ስለሌለው፣ ከቆላው ነዋሪ ይልቅ ይበረታበታል። ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሕፃናት አደጋው የባሰ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ደጋነትም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከፍታ ቦታዎችን ጭምር አዳርሶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ደግሞም አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች በከተማ በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 አገራችን ውስጥ መኖሯ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። «የማድረው ከተማ ሆቴል ነው» የሚለው መጽናኛ እንግዲህ አይሠራም።

ወባ ብቻም አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ማርበርግ የተባለው ገዳይ በሽታ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ወረርሽኙ በዚያው ዓመት በጥር ወር ማብቃቱ ተገልጿል። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው። ከንክኪ በኋላ ምልክቱ እስከ 21 ቀን ሊዘገይ ይችላል። እጃችንን ጭነን የምንጸልይ፣ ለቅሶ ቤት ገብተን የምናጽናና እኛ፣ አገልጋይ ከመላካችን በፊት «በዚያ ስፍራ በዚህ ሳምንት ምን በሽታ አለ?» ብለን የአካባቢውን ጤና ጽሕፈት ቤት ልንጠይቅ አይገባንምን?

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሆኖም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ሥራው በሚሠራበት አካባቢ ነዋሪ የሆነ ወይም በወረርሽኝ የገባ በሽታ የያዘው ሠራተኛ፣ ሥራው ያንኑ በሽታ መዋጋት ካልሆነ በቀር፣ ሕመሙ «በሥራ ምክንያት የመጣ» ተብሎ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ጋምቤላ የተላከው መካኒካችን የሚያገኘው መደበኛውን የሕመም ፈቃድ ነው። እርሱም በመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። የሥራ ጉዳት ካሣ ግን ላያገኝ ነው።

እንግዲህ ሕጉ በቆመበት ቦታ ሕሊና ይቀጥላል። በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ሰው ከመውደቁ በፊት አስቦ መከታ መሥራት የባለቤቱ ድርሻ ነው። አፍሮዲጡም በፊልጵስዩስ ምእመናን ተልኮ ሳለ ለሞት እስኪቃረብ ታመመ (ፊልጵስዩስ 2፥25-30)። ጳውሎስ እምነት አጣህ ብሎ አልወቀሰውም፤ ወደ ላኪዎቹ ሰደደው፤ በክብር እንዲቀበሉትም አዘዛቸው።

ከሚስዮን ታሪክም እንማር። እ.ኤ.አ. በ1893 ዋልተር ጋውንስ፣ ቶማስ ኬንትና ሮላንድ ቢንግሃም የሚልካቸው ማኅበር አጥተው በራሳቸው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ጋውንስና ኬንት በበሽታ ሞቱ። ቢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1900 ተመልሶ ቢሞክር እርሱም በወባ ታሞ ተመለሰ። ከእነርሱ ጥረት የበቀለው ሚስዮን ኋላ ወደ አገራችን መጥቶ ወንጌልን ሰብኳል። ድፍረታቸውን እናከብራለን፤ ያለ መከታ መሄዳቸውን ግን ለልጆቻችን አንመኝም።

ምን እናድርግ?

መሥሪያ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲልክ በጉዞው በጀት ውስጥ የጤና ወጪ ይያዝ። ለመዘምራን አንድ ዓይነት ቲሸርት የማሠራት አቅም ካለን፣ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ለመግዛት አቅም የለንም ልንል አንችልም። ከመነሣታቸው ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ ሐኪም ያማክሩ። ወባ የሚከላከል መድኃኒት ካዘዘላቸው፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከተመለሱም በኋላ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ነፍሰ ጡር እኅት ከሆነች ጉዞው ይዘግይላት፤ እምቢ በማለቷም አትወቀስ። ሲታመሙ በሌሊትም ቢሆን የሚደውሉለት ሰው ስምና ስልክ ይሰጣቸው።

ከሁሉ በላይ ሲመለሱ መዝገቡ አይዘጋ። ላኪው ለአንድ ወር ያህል በየሳምንቱ ደውሎ «እንዴት ነህ? ትኩሳት አለህ?» ይበል። ትኩሳት ካለ ለምርመራው ይክፈል፤ የቀሩበትንም ቀናት ከደመወዙ አይቁረጥ።

ለእናንተ ባለ ትዳሮች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ባልሽ ወይም ሚስትህ የጉዞ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ስለ ውሎ አበሉ ብቻ አትጠያየቁ። «አጎበር ሰጥተውሃል? ብትታመሚ ማን ያሳክምሻል?» ብላችሁም ጠይቁ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንዲህም በሉ፦ «ከጋምቤላ ከመጣ ዐሥር ቀኑ ነው፤ ደሙ ለወባ ይመርመርልን።» የሄደበትን ስፍራና የተመለሰበትን ቀን ሳይነግሩ ከክሊኒክ መውጣት አይገባም። ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ሲመጣ ያንን ጉዞ አስታውሱት።

ምናልባት «እንዲህ መጠንቀቅ እምነት ማነስ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ከመንገደኛው ጋር ቆመን ስንጸልይ እግዚአብሔር እንዲጠብቀው እንለምናለን። መልካም ነው፤ እንለምን። ነገር ግን «አሜን» ብለን እጃችንን ከትከሻው ስናነሣ፣ ሻንጣው ውስጥ አጎበር መኖሩን እንይ።