ስለ ሕክምና መኪናዎች ጥገና ዕውቀት

በዚህ ዘመን የሐኪም ዕውቀት ብቻውን በሽተኛን አያድንም። ደም የሚመረምረው፤ ጨቅላ ሕፃን የሚያሞቀው፤ ኦክስጅንን ከአየር የሚለየው መኪና ሁሉ በተበላሸ ጊዜ የሚያበጀው ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሥራ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ይባላል፤ በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ ይሰጣል። በተማሮቹ ዘንድ ግን አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ሃርድዌር የሚባለውን የመኪናውን አካል ማወቅ ይበልጣልን፤ ወይስ በውስጡ ሆኖ የሚያዝዘውን ሶፍትዌር ማወቅ ይሻላል የሚል ነው።

ነገሩ በአዲስ አበባ ሆኖ ሲታይና በቦንጋ ሆኖ ሲታይ አንድ አይደለም። ቦንጋ የከፋ ዞን ከተማ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ብትሆንም፤ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቡናውና በማሩ የተመሰገነው ጫካዋም አየሩን እርጥብ ያደርገዋል። እርጥበት በማይክሮስኮፕ መስተዋት ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ጠፍቶ በብርታት የሚመለስ መብራትም ፊውዝ ያቃጥላል። ይህን ሻጋታ የሚጠርግ የኮምፒዩተር ትእዛዝ የለም።

ማልኪንና ኪን የተባሉ ሊቃውንት በአውሮጳ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፤ በ11 አገሮች አቅም ባነሳቸው 60 ሆስፒታሎች ውስጥ ሥራ አቁመው ከነበሩት 2,529 የሕክምና መሣሪያዎች 1,821ዱ፤ መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣላቸው ተበጅተው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ያስፈለገውም የኤሌክትሪክ፤ የሞተርና የቧንቧ ዕውቀት፤ እንዲሁም ለሠራተኛው አጠቃቀሙን ማሳየት ነበር።

እንግዲህ ሶፍትዌር ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ቍም ጸሐፊ ብራናውን ራሱ ፍቆ፤ ቀለሙንም ራሱ በጥብጦ ይጽፋል። ብራና መፋቅ ብቻ የሚያውቅ መጽሐፍ አያወጣም፤ ፊደል ብቻ የሚያውቅም ብራናው ባለቀ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ዛሬ ከሚገቡት መኪናዎች አንዳንዶቹ አካላቸው ደኅና ሆኖ ሳለ በምስጢር ቍጥር ተዘግተው ይቆማሉ፤ ቍጥሩም በሻጩ እጅ ነው። ጠጋኙ መፍቻውን ይዞ መልስ ሲጠብቅ በወዲያኛው ክፍል ያለው ሕፃን አይጠብቅም።

ይህ ጥፋት የተማሪው አይደለም፤ የገዢው ነው። ውል ሲጻፍ የጥገናው መጽሐፍና የምስጢሩ ቍጥር ከመኪናው ጋራ እንዲሰጠው ያልጠየቀ ሹም፤ መኪናውን ገዛ ከሚባል ተከራየ ቢባል ይቀላል።

ወደ ከፋ የሚላክ ወጣት አስቀድሞ እጁን በመፍቻና በሽቦ ያለማምድ፤ ቀጥሎ ሶፍትዌሩን ይማር። ተረካቢው ኮሚቴም ያው ጠጋኝ መኪናውን ከፍቶ ፈትኖ መልሶ እስኪዘጋ ድረስ ፊርማውን አያኑር።