እጅን መሰብሰብም ጾም ነው

ከደባርቅ ተነሥቶ በሰሜን ተራሮች ወደ ሳንቃ በር የሚያወጣውን መንገድ የያዘ ሰው፥ የገብሱ ማሳ ወደ ኋላ እየቀረ አስታውና ጓሳው እየበረከተ ሲሄድ፥ ምድር በስተ ሰሜን እንደ ግድግዳ ተቆርጣ ከምትወርድበት አፋፍ ሲደርስ፥ የጭላዳ መንጋ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሣር በጣቱ እየነጨ ሲበላ ያገኛል። በዚያ ስፍራ ቆሜ፥ ከአንድ መኪና መስኮት ዳቦና የሙዝ ልጣጭ ሲወረወርለት በዐይኔ አይቻለሁ። የወረወሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ይልቁንም ለፍጥረት ቸርነት ያደረጉ መስሏቸው ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ተለይቶ ከሞላ ጎደል በሣር ብቻ የሚኖር፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀርም በዓለም ላይ አገር የሌለው እንስሳ ነው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ግን ከገደሉ ይልቅ መንገዱን ይመርጣል፤ መኪና ይገጨዋል፤ የሰው ምግብ ጣዕም ካወቀ በኋላም ወደ ገበሬው ገብስ መግባትን ይደፍራል፤ ገበሬውም የደከመበት አዝመራ ሲወድምበት በድንጋይና በውሻ ያሳድደዋል። የገበሬውንና የአውሬውን ጠብ የሚያባብሰው፥ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ የመንገደኛ እጅ ነው።

ስለዚህ ተፈጥሮን መጠበቅ ሲባል ብዙዎቻችን ታላቅ ሥራና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ይመስለናል እንጂ፥ አብዛኛው ነገር እጅን ከመሰብሰብ የሚጀምር ነው። እኛ ደግሞ የመታቀብን ሥርዓት ከማንም የምንማር ሕዝብ አይደለንም፤ ክርስቲያኑ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከጥሉላት ተከልክሎ፥ ሙስሊሙም ረመዳንን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ጾሞ የሚኖርባት አገር ልጆች ነን። ሥጋችንን ለነፍሳችን ስንል የምንገዛ ሰዎች፥ ለዋልያና ለጭላዳ ስንል እጃችንን መግዛት እንዴት ያቅተናል?

ከእኛ የሚጠየቀው ነገር ትንሽነቱ የሚታየውም ሌሎች ከከፈሉት ጋር ሲመዛዘን ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ የዋልያው ቁጥር እየተመናመነ፥ እርሻውና ግጦሹም እየገፋ በመምጣቱ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣውም ከሃያ ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰዎች፥ ከ400 በላይ አባወራዎች፥ አባቶቻቸው ያረሱትን መሬት ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2011 ዓ.ም. እሳት በተነሣ ጊዜም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ የአገሩ ሰው ከነበልባሉ ጋር ሲታገል ሰንብቷል። ሰው ቀዬውን በለቀቀለት ምድር ላይ፥ ለአንድ ቀን የሚጎበኝ ሰው የውኃ ፕላስቲኩን ጥሎ ሲሄድ ማየት ለእኔ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ግፍም ነው።

በስፍራው ከፍ ካሉት ጫፎች አንዱ በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል። አበው እንደሚተርኩት ያሬድ ትምህርት እንቢ ብሎት በሸሸ ጊዜ፥ ከዛፍ ላይ እየወደቀች ደጋግማ የምትወጣ ትል አይቶ ጽናትን ተማረ፤ ዜማውንም ከአዕዋፍ ሰማ፤ በዕድሜው ፍጻሜም ወደ ሰሜን ተራሮች ገብቶ ተሰወረ። ትል መምህሩ የሆነችለትን ሊቅ የምናከብር እኛ፥ አጥንት ከሰማይ ጥሎ በዐለት ላይ የሚሰብረውን ባለጺም አሞራ በስሙ ለይተን ለልጆቻችን ማሳየት አለመቻላችን ያስቆጫል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን በስሙ የምንጠራበት ዋልያ እንኳ፥ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የማይገኝና ቁጥሩ ሺህ የማይሞላ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ለምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። በአገሪቱ በሙሉ ከ500 የማይበልጠውን ቀይ ቀበሮ ከጥይት ይልቅ የሚፈጀው፥ ከእኛ ውሾች የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ክትባት ሲመጣ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ከብት ስታግዱም ወደ ደጋው አታስከትሉት። አንተም ወደ ሳንቃ በር የምትወጣ መንገደኛ፥ መኪናህን አቁምና ጭላዳውን እንደ ልብህ ተመልከት፤ ዳቦህን ግን ከከረጢትህ አታውጣ።