ላቡቡ እና የእቁብ ብር

ስፒነርን የምታስታውሱ እስቲ እጅ አውጡ። 2009 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2017፣ በጥቂት ወራት ዓለምን ያዳረሰችው በጣት የምትሽከረከር ባለ ሦስት ክንፍ ፕላስቲክ። አዲስ አበባ ታየች ሲባል አዋሽ ደረሰች፣ ብዙም ሳትቆይ ሰመራ ገባች። የዛን ጊዜ ተማሪዎቼ ዴስክ ሥር ደብቃችሁ ታሽከረክሩ ነበር፤ እኔም እሰማ ነበር።

እሷ ነገር መሐሏ ያለው ኩሽኔታ ነው። አዋሽ ላይ ላደገ ልጅ ደግሞ ኩሽኔታ አይነገረውም። የጅቡቲ መኪና አድሮ በሚሄድበት ከተማ፣ ጋራዥ በር ላይ የተጣለውን ለቅሞ፣ ጣውላ ላይ ገጥሞ ቁልቁል የሚንደረደርበትን ጋሪ ራሱ ይሠራል። ጋሪው ሲሰበር ይጠገናል፣ ልጁ ሲያድግ ለታናሹ ይሰጣል። ስፒነሯ ግን ክረምቱን እንኳ በወጉ አልተሻገረችም። የተያዘችው ሁሉም ስለያዛት ነው፤ ሁሉም ሲይዛት ደግሞ መያዟ ትርጉም አጣ። ፋብሪካው ሁሉ ስለሠራት ብርቅ አልሆነችም። ዛሬ መቶ ስፒነር ያስቀመጠ ሰው ያለው መቶ ፕላስቲክ ነው።

አሁን ተራው የላቡቡ ነው። ጥርሷን ያሾለች፣ ጆሮዋ እንደ ጥንቸል የቆመ አሻንጉሊት። የፈጠራት ካሲንግ ለንግ የሚባል ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድ ያደገ ሠዓሊ ነው፤ በ2015 በሥዕል መጽሐፍ ጀመረ። ከ2019 ወዲህ ፖፕ ማርት የተባለው የቻይና ኩባንያ ይዞ ያመርታታል። በ2024 የብላክፒንኳ ሊሳ ቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላ ስትታይ ነገሩ ተቀጣጠለ። ሰኔ 2017 ቤጂንግ ላይ ሰው የምታክል አንዷ በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን፣ ወደ 150 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ይኼን ዜና ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ምርቱን በብዙ እጥፍ ማሳደጉን፣ የእጅ በእጅ ዋጋውም መውረዱን ግን ስንቶቻችሁ ሰማችሁ?

ይህን የምጽፈው ሎግያ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን «ቲቸር፣ እቁብ ደርሶኛል፤ ላቡቡ ገዝቼ ካርቶኑን ሳልከፍት ላስቀምጠው ነው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ብዙ እጥፍ ያወጣል» ስላለኝ ነው። እንደሱ የሚያስቡ ብዙ እንዳሉ ስለማውቅ መልሴን እዚህ ላድርገው።

ልጄ፣ ይህ ፊልም ከዚህ በፊት ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ታይ ዋርነር የሚባል ነጋዴ በ1993 ቢኒ ቤቢ የተባሉ ትናንሽ አሻንጉሊቶች አወጣ። እየመረጠ «ይህኛው ከእንግዲህ አይመረትም» ማለት ሲጀምር ሰው ለጡረታ፣ ለልጅ ትምህርት ብሎ ይገዛ ጀመር። በ1999 ላስ ቬጋስ ላይ የተፋቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብለው አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ተካፍለዋል፤ ፎቶው ዛሬም አለ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ወደቀ። ዛሬ አብዛኞቹ በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። ቢሊየነር የሆነው ሻጩ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዓመታት በኋላ ውድ የሚሆነው ዕቃ ማንም ይወደዳል ብሎ ያላስቀመጠው ነው። የድሮው የምድር ባቡር ትኬት ለጉዞ ተቆረጠ፣ አዋሽ ጣቢያ ሲደረስ ተጣለ። በስህተት መጽሐፍ ውስጥ የቀረችው አንዷ ዛሬ ፈላጊ አላት። ሁሉም ሰው ካርቶኑን ሳይከፍት ያስቀመጠው ዕቃ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ሁሉም ሰው ቤት አለ። ታዲያ ማን ከማን ይገዛል?

የአፋር ልጅ ደግሞ ይህን ከአሞሌ መማር አለበት። ጨው ከተቆረጠበት ቦታ ርካሽ ነበር፤ በግመል እየራቀ ሲሄድ ዋጋው ይጨምር ነበር። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ሲኖር እንኳ መጨረሻ ላይ ወጥ ውስጥ ይገባ ነበር። ላቡቡስ? ከቻይና ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በታሸገ ኮንቴይነር ሰመራን በበራችን አልፎ ሞጆ፣ ከሞጆ መርካቶ፣ ከመርካቶ ተመልሶ ሰመራ። በየእጁ ትርፍ ተጨምሮበት የመጨረሻው ገዢ አንተ ነህ። ከአንተ ወዲያ የሚሸከመው ግመል የለም። ደግሞም እኔ እዚህ ገበያ ላይ ያየሁት አብዛኛው «ላፉፉ» የሚሉት አስመስሎ የተሠራው ነው። የዋናዋ ጥርስ ዘጠኝ ነው፤ እስቲ ቁጠሩት።

«ቲክቶክ ላይ እኮ ሀብታም ሆኑበት» ትሉኛላችሁ። ዳጉ ያለበት አገር ውስጥ እየኖርን እንዲህ መታለላችን ይገርመኛል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ወሬ ይቀያየራል፤ ግን አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ? ብሎ ይጠያየቃል። የሐሰት ወሬ ያመጣ ስሙ ይጠፋል። ቲክቶክ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፤ የሸጠው ይታያል፣ ሳይሸጥለት የቀረው አይቀረጽም።

ንግድ አትሥሩ አላልኩም። አሥር አምጥቶ በሳምንቱ ሸጦ ብሩን የሚያዞር ነጋዴ ነው፣ ይቅናው። ፋሽኑ እንደሚያልፍ አውቆ ይሥራ። ለልጃችሁ መግዛትም ነውር የለውም፤ ገዝታችሁ ካርቶኑን ቅደዱላት፣ ትጫወትበት፣ ታቆሽሸው። የአሻንጉሊት ዋጋ እሱ ነው። እቁብ ግን የብዙ ሰው ላብ ተጠራቅሞ በተራ የሚደርስ ብር ነው። ፍየል ግዙበት፣ ፍሪጅ ግዙና በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ ሽጡበት፣ የሙያ ሥልጠና ክፈሉበት።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ስትጽፉ ግን በዳጉ ሕግ ይሁን፦ ያያችሁትን ነው ወይስ የሰማችሁትን?