«እንግዳ ከመጣ»፦ ለቢዝነስ ሕግ መምህራን ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ መምህራን፣

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ የቢዝነስ ሕግ ሃንድአውቷን ይዛ ነበር። ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጀች ነው፤ ግማሹን ገጽ በቢጫ ማቅለሚያ አድምቃዋለች። ቡናው እስኪፈላ ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ፊደል የጎደለው የእንግሊዝኛ ቃል አየሁና ደነገጥሁ። ያ ግድፈት የድሮ ወዳጄ ነው። እኔ በ2007 ዓ.ም. ፎቶ ኮፒ ባስነሣሁት ወረቀት ላይ፣ እዚያው ምዕራፍ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ ያው ፊደል ጎድሎ ነበር። እሷና እኔ ደግሞ የተማርነው በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንኳ አይደለም።

ወረቀቱ ከመምህር ወደ መምህር፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር አገሪቱ የንግድ ሕጓን ቀይራለች። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምሮት፣ እሱ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የ1952ቱ ሕግ ዛሬ ሙሉ አይደለም። ዐዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን ክፍሎች በአዲስ ተካ፤ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት የድሮዎቹ ጸንተው ቀሩ። ነጋዴው አሁን አዲስና አሮጌ ሕግ ጎን ለጎን ይዞ ይኖራል። ሃንድአውቱ ይህን ገና አልሰማም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር «ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 50 አባላት» ይላል እስከ ዛሬ፤ የእህቴም ልጅ በቢጫ አድምቃዋለች።

ስለዚህች «ቢያንስ 2» ልንገራችሁ። አክስቴ እዚህ ላሊበላ ውስጥ ትንሽ ማረፊያ ቤት አላት። ስታቋቁም ሕጉ ሁለት ሰው ይፈልግ ስለነበር የወንድሟን ስም ለማሟያ አስገባች። እሱ ሳንቲም አላዋጣም፣ አንሶላ አላነጠፈም፣ ትርፍም አልጠየቀም። ከዓመታት በኋላ ዐረፈ። አርባው ሲወጣ ልጆቹ የአባታችን ድርሻ አለ ብለው መጡ። ክፉዎች አይደሉም፤ የአባታቸው ስም በማኅተም ተረጋግጦ ሲያዩ ምን ይበሉ? ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አንተ የተማርከው ይህንኑ አይደል?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ለዚያች ጥያቄ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ለምን ሁለት እንደተባለ፣ በእኛ አገር ያ ሁለተኛ ሰው ማን እንደሚሆን፣ ሲሞት ወይም ሲፋታ ምን እንደሚከተል ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ አልጭንም። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል የግል ማኅበር ፈቅዷል። ለአክስቴ ግን ዘግይቶ ደረሰ።

ቅሬታዬ ግን ጊዜ ያለፈበት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ እሱስ በአንድ ሌሊት ይታረማል። የሚከብደው ሕጉን አገር የሌለው አድርጋችሁ ማስተማራችሁ ነው። የእህቴ ልጅ ወረቀት ውልን የሚያጸኑ ነገሮች ብሎ ሲዘረዝር «ኮንሲደሬሽን»ን ያስገባል፤ አንዱ ወገን ለሚገባው ቃል ሌላው የሚሰጠው ምላሽ መሆኑ ነው። ይህ የእንግሊዞች ሕግ ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1678 የሚጠይቀው የመዋዋል ችሎታ ያላቸው ሰዎች ፈቃድ፣ ተለይቶ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ ካዘዘም የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ኮንሲደሬሽን የለበትም። ከሌላ አገር መማሪያ መጽሐፍ ተቀድቶ የገባ እንግዳ ነው፤ ስንት ትውልድ ተማሪም ሸምድዶታል።

ቋንቋውም እንዲሁ። የነጋሪት ጋዜጣ ዐዋጅ፣ ቁጥር 3/1987፣ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንደሚወጣ፣ ሁለቱ ባይስማሙ አማርኛው እንደሚጸና ይናገራል። የሚጸናውን ትታችሁ የማይጸናውን ታስተምራላችሁ። ተመርቄ ስመጣ «ፎርስ ማዦር»ን ተንትኜ መጻፍ እችል ነበር፤ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል» ሲለኝ ግን አንድ ነገር መሆናቸውን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የማስተማሪያው ቋንቋ የእናንተ ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአማርኛውን አንቀጽ ከእንግሊዝኛው ጎን ማስቀመጥ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የአጎቴ ልጅ ወደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሚወስደው መንገድ ዳር የሱቬኒር ሱቅ ተከራይቶ ይሠራ ነበር፤ መስቀል፣ ጥበብ፣ የብራና ሥዕል። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ፣ ባላቸውን የቀበሩ እናት ናቸው፤ ከዚያች ኪራይ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላኑ ባዶውን ተመለሰ። ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ከረመች። የሱቁ በር ሲከፈት የስንት ወር ኪራይ ይከፈል?

የአጎቴ ልጅ «ጦርነት ነበር፣ አልከፍልም» አለ። አከራይዋ «እኔስ በጦርነቱ አልበላሁም?» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሕጉም ቢሆን ነገሩን በቀላሉ አይገላግልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ከዐቅም በላይ ከሆኑት ነገሮች ጋር ይቆጥረዋል። ቁጥር 1792 ግን ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ ግዴታውንም ከመፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት ይላል። ገበያ መጥፋት ፈጽሞ መከልከል ነው ወይስ መክበድ? ሱቁ ተዘግቶ የቆየባቸው ወራትና ተከፍቶ ገዢ ያጣባቸው ወራት እኩል ይታያሉ? አንድ ሴሚስተር የሚያስከራክር ጥያቄ ነው። እኔ የተማርኩት በአንድ ስላይድ ነበር፤ ስላይዱ ላይ የመርከብ ሥዕል ነበረበት። በእኛ በላስታ መርከብ የለም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ተያዘ። የአከራይዋ የነፍስ አባት አንዱ፣ የዕድራቸው ዳኛ ሌላው፣ ከእኛም ወገን አንድ አጎት ተቀመጡ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተነጋግረው ውሉ ጀርባ ላይ ጻፉበት፦ ግማሹ አሁን ይከፈል፤ ቀሪው ግማሽ ለገና፣ «እንግዳ ከመጣ» ይከፈል። ፈረሙ፣ ጠላ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ የሠሩት ሕጉ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ግዴታ የሚለውን መሆኑን አላወቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም።

ገና መጣ። በ2014ቱ ገና ከተማዋ ከዚያ ሁሉ ወዲያ ምእመናን ሞሉባት፤ በእግር የመጣ፣ በመኪና የመጣ። የእኛን አገር ገና ያየ ያውቃል፦ የመጣውን እግሩን አጥበን፣ ከቤት ያለውን አብልተን እናሳድራለን። ከውጭ አገር የመጣ ጎብኚ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በበዓሉ ማግስት አከራይዋ ሱቁ በር ላይ ቆሙ፤ «ይኸው እንግዳ መጣ፤ እኔ ራሴ ዐሥር ሰው አሳድሬያለሁ» አሉ። የአጎቴ ልጅ «እማማ፣ እነዚህ ከእኔ መስቀል አይገዙም፤ እንግዳ ያልነው ፈረንጁን ነው» አለ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ከየትኛው ምዕራፍ ላግኘው? ቁጥር 1732 ውል በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመንና በጉዳዩ ልማድ መሠረት ይተርጎም ይላል። መልካም፤ የማን ልማድ? የሱቬኒር ነጋዴ «እንግዳ የለም» ሲል ዶላር የለም ማለቱ ነው። የላሊበላ እናት «እንግዳ» ስትል የምታጥበው እግር አለ ማለቷ ነው። አንድ ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ኢኮኖሚ ተሸክሞ ተቀምጧል። የቢዝነስ ማኅበራዊ አካባቢ የሚባለው ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በእናንተ ሃንድአውት ውስጥ ግን ማኅበራዊ አካባቢ ማለት አራት ክበቦች ያሉት ሥዕል ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ እዚህ ከመንገድ ይታፈሳል። ቅዳሜ ገበያ ውጡ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በቁጥር 5 ነጋዴ የሚያሰኙትን 21 ዓይነት ሥራዎች ይዘረዝር ነበር፤ የራሱን ምርት የሚሸጠውን ገበሬ ደግሞ ከነጋዴ አይቆጥረውም ነበር። የቀፎውን ማር ይዞ የወረደው ገበሬ፣ ያን ማር ገዝታ ጠጅ የምትጥለው ሴት፣ ከቤተሰቡ ጋር መስቀል የሚቀርጸው ባለ እጅ፤ ማን ነጋዴ ነው? አዲሱ ሕግስ ምን ይላል? አንድ ጠዋት ይበቃል።

የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለውን ምዕራፍ ስታስተምሩ ምሳሌያችሁ የጫማ ፋብሪካና የአሜሪካ ኤነርጂ ኩባንያ ነው። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ መቄት ላይ፣ ገበሬዎች «ተስፋ» በተባለ ድርጅት አማካይነት በጋራ ያቋቋሟቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ መቋት ማርያም፣ ዋጀላ። ጎብኚው በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን የመንደሩ አህያ ይሸከማል፣ ገቢው የመንደሩ ነው። ምግብ ማብሰሉና ጓዝ መጫኑ ለማን ተራ ይደርሳል? ከትርፉ ለጋራ ሥራ ስንቱ ይቀራል? ይህ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ ነው፣ የጉርብትናም ሥርዓት ነው። አንድም ፈተና ላይ አላየሁትም።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተነሡትን ነዋሪዎችም ጨምሩበት። የካሳ ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል አድርጓል። ጉርብትና በብር ሲተመን ሕግ ክፍላችሁ ድረስ መጥቶ በር አንኳኳ ማለት ነው፤ ቀድመው የተነሡት ደግሞ ይህን ድንጋጌ አላገኙትም። እኔ የማውቃት ጠላ ሻጭ ከቤቷ ይልቅ ደንበኞቿን እንዳጣች ነው የምትናገረው።

መልሳችሁን እገምታለሁ። ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ ነው፣ ጭነቱ ብዙ ነው፣ የመውጫ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ተማሪው ራሱ «ቲቸር፣ ይህ ፈተና ላይ ይወጣል?» ይላል። እውነት ነው፤ እኔም ብያለሁ። ሕግ ጠቅላላ ነው፣ የእያንዳንዱን መንደር ወግ መሸከም አይችልም የሚልም ይኖራል። እሺ፤ ሕግ አይሸከም። የሕግ መምህር ግን ጠቅላላው አንቀጽ መንደር ሲገባ ምን እንደሚሆን ካላሳየ፣ ተማሪው አንቀጹን ከጋዜጣው ላይ ራሱ ያነበዋል። ድሮ «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛ ይቆም ነበር ይባላል፤ ያ ሰው የቆመው አንቀጽ ሸምድዶ አልነበረም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ተማሪዎቻችሁን ከየቤታቸው አንድ ወረቀት አምጡ በሏቸው፤ የኪራይ ውል፣ የዕቁብ ደብተር፣ የዕርቅ ወረቀት፣ የሥራ ስንብት ደብዳቤ። ስሙን አጥፍታችሁ እሱን አስተምሩ። አንቀጹ ተከትሎት ይመጣል።

መጀመሪያውን እኔ ልኬያለሁ። የአጎቴን ልጅ ውል ፎቶ ኮፒ፣ ሁለቱንም ገጽ፣ በእሱና በአከራይዋ ፈቃድ አያይዤዋለሁ፤ ስሞቹን በጥቁር እስክሪብቶ አጥፍቻለሁ። «እንግዳ ከመጣ» የሚለው ጀርባው ላይ ሦስተኛው መስመር ነው። ተማሪዎቻችሁ «እንግዳ» ማን እንደሆነ ከወሰኑ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ቀሪው ግማሽ ኪራይ እስካሁን አልተከፈለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪያችሁ
ላሊበላ