ለለመደ እጅ አጭር ስም

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ሲወቃ፣ ወረታ ትጨናነቃለች። መፈልፈያዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻሉ። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙበት በዚህ ከተማ ጭነት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ክፍያው እየዋለ እያደረ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት የማያውቀው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።

በዚህ ገበያ *804# ብሎ ቀሪ ሂሳቡን የማያይ፣ *805* ብሎ የፋቀውን ካርድ የማይሞላ፣ *807* ብሎ ዘመዱን «ደውልልኝ» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። በተለይ *806*ን ልብ በሉልኝ፦ የተቀባዩ ስልክ፣ ኮከብ፣ የሚላከው የሂሳብ መጠን፣ መሰላል። ምን እንደሚሠራ፣ ለማን፣ ስንት፤ ሁሉም በአንድ መስመር አለቀ። ተርሚናል ፊት የተቀመጠ የኮምፒውተር ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የፎገራ ሩዝ ነጋዴ ማንም ሳያስተምረው ትእዛዝ መጻፍ ችሏል፤ ይህን ችሎታ መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ሊያከብሩት ይገባል ባይ ነኝ።

ማክበር ማለት፣ ለጀማሪው ረጅሙን መንገድ ሲሰጡ ለለመደው ደግሞ አጭሩን አብሮ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው፣ ለገበሬዎች ምክር በሚሰጠው የ8028 መስመር የሚደውል ሰው በድምፅ እየተመራ ቁጥር ይጫናል። ማንበብ ለማይችልና አገልግሎቱን ገና ለሚተዋወቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው ያው ሰው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲፈልግ ነው። ለምሳሌ በጽሑፍ ዝርዝር በሚሠሩ አገልግሎቶች ላይ 1ን ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ 3ን ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ኔትወርኩ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ቴክኒካዊ ነው። በኮከብና በመሰላል የሚሠራው ዩኤስኤስዲ የሚባለው ሥርዓት በአንድ መልእክት የሚሸከመው 160 ባይት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል በሰባት ቢት እየተጠቀጠቀ በዚያ ውስጥ 182 ያህል ይገባል። የግእዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 80 ላይ ያበቃል። በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ የሚያልቀው ዝርዝር በአማርኛ ሁለትና ሦስት ገጽ ይሆናል። በገዛ ቋንቋው ልጠቀም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ «ቀጣይ»ን ይጫናል ማለት ነው። አቋራጩ ከማንም በፊት የሚገባው ለእሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ዘንድ አጭርና ረጅም ስም አብሮ መስጠት የቆየ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሠሩ የሚጽፉት በሴኮንድ አሥር ፊደል ብቻ በሚያትም ቴሌታይፕ ላይ ስለነበር ብዙዎቹ ትእዛዞች፣ ከጎናቸው የሚጻፉት አማራጮችም፣ በአንድና በሁለት ፊደል አጠሩ። በኋላ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩት የጂኤንዩ ሰዎች በሁለት ጭረት የሚጀምሩትን ረጃጅም የአማራጭ ስሞች አስለመዱ። አጭሮቹን ግን አላጠፏቸውም። ዛሬ በእጁ የሚጽፍ ሰው አንድ ጭረትና አንድ ፊደል ይበቃዋል፤ ሌላ ሰው ከዓመት በኋላ የሚያነበውን ፋይል የሚጽፍ ደግሞ ረጅሙን ስም ይጠቀማል።

አጭር ስም ሲታደል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርቆ ወዳለ ኮምፒውተር የሚያስገባው ኤስኤስኤች የፖርት ቁጥርን በትንሹ ፒ ይቀበላል፤ ፋይል የሚያሻግረው ወንድሙ ኤስሲፒ ግን ትልቁን ፒ ይጠይቃል፤ ትንሹ እዚያ ሌላ ሥራ አለው። ከዓመታት በኋላም ሰው በዚህ ይሰናከላል። ሌላም አለ። በፓይተን ቋንቋ የትእዛዝ አማራጮችን የሚያነበው አርግፓርስ ተጠቃሚው ረጅሙን ስም ቆርጦ ቢጽፈው እንኳ እስካልተምታታ ድረስ ይቀበለዋል። ደግነት ይመስላል፤ ነገ በተመሳሳይ ፊደላት የሚጀምር አዲስ አማራጭ ሲጨመር ግን ትናንት ይሠራ የነበረው ትእዛዝ ይሰበራል። አጭር ስም በአጋጣሚ የሚገኝ ሳይሆን ታስቦበት የተሰጠ መሆን አለበት። የሚሰርዝና የሚያጠፋ አማራጭ ደግሞ አጭር ስም ባይኖረው እመርጣለሁ፤ እዚያ ላይ እጅ መዘግየቱ ጥቅም ነው። ገንዘብ በሚላክበትም አቋራጩ የምስጢር ቁጥሩንና የተቀባዩን ስም ማረጋገጥ ሊዘል አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን አንዴ የተሰጠ አጭር ስም ለሌላ ነገር መሰጠት የለበትም። በሩዝ ብናየው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተለቀቀው «ጉማራ» የተባለው ዝርያ በተመራማሪዎች መዝገብ አይ ኤ ሲ 164 ነው። ተመራማሪው በዚያኛው፣ ገበሬው በጉማራ ወንዝ ስም ይጠሩታል፤ ሁለቱም ስሞች የሚያደርሱት ወደ አንድ ዘር ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ጉማራ»ን ለሌላ ዘር ቢሰጥ፣ ስሙን አምኖ የዘራ ገበሬ አንድ ክረምት ሊያጣ ይችላል። ትናንት ቀሪ ሂሳብ የነበረውን 3 ቁጥር ዛሬ ጥቅል መግዣ የሚያደርግ ዝርዝርም ሥራው ከዚህ አይለይም። የለመደ ጣት አያነብም፤ ያስታውሳል። አዲስ አገልግሎት ሲመጣ በዝርዝሩ መጨረሻ ይጨመር፤ የወጣውም ቁጥሩ ባዶ ይቆይ።

በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ መሣሪያ የምትጽፉ ልጆች፣ በአርግፓርስ አጭሩንና ረጅሙን ስም ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ፤ የእርዳታው ጽሑፍም ሁለቱን አብሮ ያሳያል። የስልክ አገልግሎት የምትሠሩ ደግሞ ሰውዬው በረጅሙ መንገድ ሄዶ ጉዳዩን ሲጨርስ፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «በሚቀጥለው በቀጥታ» ብላችሁ አጭሩን ቁጥር ጻፉለት። ከ80ው ፊደል ሩቡን እንኳ ብዙ አያልፍም።